እርማት፦ ወደ ዋሽንግተን መሄጃው የሚረዝመው ምድር ስለምትዞር አይደለም

«ከጎንደር ዋሽንግተን በአውሮፕላን ሲኬድ ጊዜው ከመመለሻው የሚረዝመው ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ነው» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ቢያምነውም ስሕተት ነው። ጎንደር ላይ ምድር በሰዓት 1,630 ኪሎ ሜትር ገደማ ትዞራለች፤ አየሩም አብሯት ይዞራል። ባይዞርማ ኖሮ ከአዘዞ (ከጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ) ተነሥቶ አንድ ሰዓት ባለበት የቆየ ሄሊኮፕተር ሲወርድ ዳርፉር፣ ቻድ ድንበር አጠገብ ባረፈ ነበር! በዚህ ስሌት እንዲያውም የሚያጥረው ወደ ምዕራብ መሄጃው ነው።

ዋናው ምክንያት ነፋስ ነው። አውሮፕላኑ በሚበርበት ከፍታ፣ በሰሜን አትላንቲክ ሰማይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ኃይለኛ ነፋስ ይነፍሳል፤ በአሜሪካ ክረምት (በብርዱ ወራት) በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሲሄዱ ከፊት ይገፋል፣ ሲመለሱ ከኋላ ያግዛል። ሁለተኛው አዲስ አበባ ናት፦ ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ መነሣት ስለሚከብደው መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል።

ርቀቱ ግን ያው ነው፦ ከጎንደር አዲስ አበባ በአየር 420፣ ከዚያ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ቲኬት ላይ ያሉትን ሁለት ሰዓቶች ዝም ብላችሁ አትቀንሱ። ሁለቱም የየአገሩ ሰዓት ናቸው። 22:30 (በእኛ ከምሽቱ 4:30) ተነሥቶ በማግሥቱ 8:00 ቢያርፍ 9 ሰዓት ተኩል ይመስላል፤ ግን የዋሽንግተን ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ስለሆነ በእነሱ ክረምት 8 ሰዓት ሲደመርበት 17 ሰዓት ተኩል ነው። በበጋቸው የሚደመረው 7 ነው።