«አጎቴ ነው» እያለች ያልሰማናት ልጅ

ወገኖቼ፣ ልጅ ጠፋ ሲባል ደማችሁ እንደሚፈላ አውቃለሁ። የኔም ይፈላል። ግን ሰሞኑን በሰፈራችን ያደረግነውን ነገር ይቅር ማለት አቃተኝ።

የተጀመረው ቴሌግራም ላይ ነው። ፖሊስም ጋዜጠኛም ያልሆኑ ጥቂት ሰዎች የጠፉ ልጆችን ማስታወቂያ ይሰበስቡ ጀመር። ሐሳባቸው ክፉ አልነበረም። ከኮልፌ፣ ከሰሚትና ከጀሞ ጠፉ የተባሉ የሦስት ልጆችን ፎቶ ጎን ለጎን ደረደሩ። የአዲስ አበባ ካርታ ላይ ቀይ መስመር አሰመሩ። «ሦስቱም የጠፉት ከትምህርት ቤት መልስ ነው» አሉ። ታዲያ ልጅ ከቤተሰቡ ዓይን የሚወጣው በዚያ ሰዓት አይደል? ቀጥሎ አንዲት ሴት «ነጭ ቪትዝ ቆሞ አይቻለሁ» ብላ ጻፈች። በቃ፣ ነጭ ቪትዝ! እስቲ አዲስ አበባ አንድ አደባባይ ላይ ቆማችሁ ነጭ ቪትዝ ቁጠሩ። ቶሎ ይሰለቻችኋል። ግን «አንድ ቡድን ነው» ተባለ፣ «የተደራጀ ነው» ተባለ። ማታውን ታርጋ ተለጠፈ። ኮድ 3፣ ቁጥሩ ሳይቀር። ከየት እንደመጣ እስካሁን የሚናገር የለም።

የመኪናው ባለቤት ራይድ የሚሠራ ጎልማሳ ነው። በማግስቱ የስድስት ዓመት ልጅ የሆነችውን የእህቱን ልጅ ከትምህርት ቤት ተቀበላት። ጥርሷ ተነቃንቆ ስላመማት ታለቅስ ነበር። መንገዱ ተዘጋግቶ ሲቆም አንድ ወጣት ታርጋውን ከስልኩ ጋር አመሳከረና «እሱ ነው!» ብሎ ጮኸ። ጎትተው አወጡት። መታወቂያ ላሳያችሁ ብሎ ኪሱ ሲገባ እጁን ረገጡት። ልጅቷ ከኋላ ወንበር «አጎቴ ነው! አጎቴ ነው!» እያለች ትጮኻለች። ከመሀላችን አንዲት ሴት፣ እሷም ልጅ የወለደች፣ ምን አለች መሰላችሁ?

«አስፈራርቷት ነው እንዲህ የምትለው።»

ይህችን ቃል ነው ይቅር የማልለው። ልጅ ልናድን ነው የወጣነው አላልንም እንዴ? ልጅቷ እኮ እየተናገረች ነበር! ካርታውን አምነን፣ የማናውቀውን ሰው ፖስት አምነን፣ እሷን ግን አላመንናትም።

ፖሊስ ደርሶ ባያስጥለው አይተርፍም ነበር። አንድ ዓይኑ ዛሬ አያይም። ልጅቷም መኪና ውስጥ አልገባም ብላ ታስቸግራለች አሉ። ፖስቱ ጠፍቷል። ይቅርታ ያለ ግን የለም። ግሩፑም እንዳለ አለ።

ሦስቱ ልጆችስ? አንዱ ከተገኘ ቆይቷል። «ተገኝቷል» ብሎ የሚጽፍበት ሰው ስለጠፋ ብቻ ማስታወቂያው ከግሩፕ ግሩፕ ይዞራል። ሁለተኛዋን ወላጆቿ ሲጣሉ አባቷ ክፍለ ሀገር ይዟት ሄዶ ነው። ሦስተኛው በእውነት ጠፍቷል። የእናቱ ስልክ ቁጥር በሁላችንም እጅ አለ፤ የሚደወልላት ግን ስለ ነጭ ቪትዝ ነው። ሌላ ነገር ያየ ሰው እንኳ ቢኖር፣ ያየው ከቪትዙ ጋር አልገጥም ሲለው ዝም ብሎ ይሆናል። ይሄ አንጀቴን ይበላኛል። የዚያችን እናት ልጅ የምናገኝበትን መንገድ የደፈንነው እኛው ነን።

በሌላውም አገር ሆኗል። በ2010 ሰኔ ሕንድ ውስጥ ራይንፓዳ በምትባል መንደር አምስት መንገደኞች በዋትስአፕ ወሬ የተነሳ ልጅ ሌቦች ተብለው ተቀጥቅጠው ሞቱ። ነሐሴ ላይ ሜክሲኮ አካትላን ከተማ አንድ ወጣትና አጎቱ ከነሕይወታቸው ተቃጠሉ፤ በፌስቡክ በቀጥታ እየተላለፈ። በ2011 ጥቅምት ደግሞ እዚሁ እኛ ጋ፣ ምዕራብ ጎጃም ሜጫ፣ ለጥናት የሄዱ ሁለት ሰዎች ሕፃናት ሊመርዙ ነው ተብለው ተገደሉ። አንዱም አላስተማረንም።

ፖሊስ ምን ይሠራል ትሉኛላችሁ። ይገባኛል። እናትን «ትንሽ ጠብቂ፣ ይመጣል» ብሎ የሚመልስ ጣቢያ እኔም አውቃለሁ። ታዲያ ለዱላ የተሰበሰብነው ሰዎች ጣቢያው ደጃፍ ተሰብስበን «ፈልጉልን» ብንል ምን ነበረበት? ያያችሁት ነገር ካለ 991 ደውሉ፤ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። ሁለት ልጆች በአንድ ወር ጠፉ ማለት አንድ ሰው ወሰዳቸው ማለት አይደለም። ታርጋ አትለጥፉ። የሰው ፊት አትለጥፉ። ልጁ ሲገኝ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ባጋራችሁበት ሁሉ ተመልሳችሁ «ተገኝቷል» በሉ።

ትሰሙኛላችሁ ብዬ ብዙ አልጠብቅም። ግን ባለፈው አንድ የድሮ ማስታወቂያ እንደገና ሲዞር አንድ ወጣት «ይሄ ልጅ አምና ተገኝቷል፣ ቤተሰቡን ጠይቄያለሁ» ብሎ ጻፈ። ሰደቡት፣ «አንተም ከነሱ ነህ» አሉት። እሱ ግን አላጠፋውም። ማታ ላይ ሌላ ሰው ከሥሩ «እኔም ደውዬ አረጋግጫለሁ» ብሎ ጨመረበት።