«ግንዛቤ የላቸውም» አትበሉን

ባለፈው ሳምንት አንድ የካንሰር ሐኪም ሬዲዮ ላይ ቀርበው ታካሚዎች በሽታው ከተሰራጨ በኋላ የሚመጡት ለምን እንደሆነ ተጠየቁ። «ሕዝባችን ግንዛቤ የለውም፤ መጀመሪያ ጠበል ነው የሚሄደው» አሉ። አዘጋጁም «ልክ ነው ዶክተር» ብሎ አለፈው። እኔ ማለፍ አልቻልኩም።

ጎረቤቴ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት ታስረክባለች። ጡቷ ላይ ያለውን እብጠት ገላዋን ስትታጠብ ያገኘችው ራሷ ናት። ምን ሊሆን እንደሚችልም ታውቃለች፤ እናቷን የቀበረችው በዚሁ በሽታ ነው። ታዲያ ስምንት ወር ሙሉ ዝም ያለችው የትኛው ግንዛቤ ጎድሏት ነው?

ቁጭ ብለን ደመርነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ወረፋ። ካርድ። ሐኪሙ ጋ ስትደርስ እኩለ ቀን። አልትራሳውንዱ ስለተበላሸ «ውጭ አሠሪና ነገ ይዘሽ ነይ»። ናሙና ለመስጠት ሌላ ቀን፣ ለውጤቱ ሌላ ቀን። አብሲት የገባበት ሊጥ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ይሆመጥጣል፣ ይደፋል። «ሁለት ቀን ካጎደልኩ ሌላ ጋጋሪ ይይዛሉ» አለችኝ። የወር ደመወዝተኛ ሐኪም ቤት ቢውል ደመወዙ አይነካም። እሷ ግን ገና ሳትመረመር ከልጆቿ ጉሮሮ ነጥቃ መክፈል አለባት። ደግሞስ «ካንሰር ነው ቢሉኝ በምን እታከማለሁ?» ላለችው ሐኪሙ ምን መልስ አላቸው?

ጠበል ሄዳለች፣ አልክድም። ማለዳ ተጠምቃ በ2 ሰዓት ምጣዷ ጋ ትመለሳለች፤ ካርድ አውጪ፣ ነገ ተመለሽ የሚላት የለም። ባለጠጋውም እኮ ይጠመቃል! ግን በሳምንቱ ባንኮክ ሄዶ ይመረመራል። እምነታቸው አንድ ነው፤ የሚለያያቸው ኪሳቸው ነው።

«መድን አለ» የሚሉኝ አሉ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ስንቱን ቤት ደግፏል። ግን የተደፋ ሊጥ አይተካም፣ የታክሲ አይከፍልም። የገጠሯ ሴት ደግሞ የባሰባት ናት። የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከወሎ፣ ከባሌ የምትመጣ እናት ለወራት የት ታድራለች? ምን ትበላለች?

ጤና ጣቢያው ማታና እሑድ ይመርምራት። ናሙናው በሄደችበት ቀን ይወሰድ። ይህን ሳያደርጉ ስለ ግንዛቤ የሚሰብኳት ሰዎች ጥፋቱን በሕመምተኛዋ ላይ እየጫኑ ነው።

ጎረቤቴ ሰኞ ዕለት ሄደች። ሊጡን እኔና እህቷ ጋገርንላት። አልትራሳውንዱን ውጭ አሠርታለች፤ ናሙናው ግን አልተወሰደም፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጥረዋታል።