ሳይድኑ መናገር

በእኛ አገር ስለ ሕመሙ በአደባባይ የሚናገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዳነ ሰው ነው። በዐውደ ምሕረት ይሁን በጸሎት አዳራሽ ወይም በቴሌቪዥን የምንሰማው ምስክርነት መጨረሻው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ታምሜ ነበር፣ ዛሬ ግን ተመስገን ይላል። የምንወደውም ለዚህ ነው፤ ሰሚውን ያጽናናል፣ ተናጋሪውንም ያስከብራል። ድባቴ፣ ሐኪሞች ዲፕሬሽን የሚሉት የአእምሮ ሕመም፣ ግን ለእንዲህ ያለ ታሪክ አይመችም። ይሄዳል፣ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ይዟቸው ከለቀቃቸው ሰዎች ቢያንስ ግማሽ ያህሉን ዳግም እንደሚጎበኛቸው ሐኪሞች ይናገራሉ። እንግዲህ መናገር የሚፈቀደው ለዳነ ብቻ ከሆነ፣ ብዙዎቻችን ተራችን ሳይደርስ ዕድሜያችን ያልቃል።

ይህን የምጽፈው ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው። መምህርት ነኝ፣ የአንድ ልጅ እናት ነኝ፣ ከድባቴ ጋር ስኖር ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም ኪኒን እወስዳለሁ። ልጽፍ ነው ብዬ ላንዲት ወዳጄ ስነግራት «መጀመሪያ ይለፍልሽ፣ ከዚያ ትጽፊዋለሽ» አለችኝ። ሥራሽስ፣ ልጅሽስ፣ ነገ የሚያገኝሽ ሰውስ ምን ይላል ብላ ነው፤ ከፍቅር እንጂ ከክፋት አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ይህችን በሽታ ስናገኝ ብቻ ተረቱን እናጥፍና ገመናሽን ሸፍኚ እንላለን። ምክሯን ያልተቀበልኩበትን ምክንያት ላስረዳ።

ስለ ድባቴ ሲወራ የሰው ሐሳብ ወደ እንባ ይሄዳል። እኔ ቤት የሚታወቀው ግን በጀሪካን ነው። በኮንዶሚኒየማችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ያውም ሌሊት። የሰፈሩ ሰው ቧንቧው ማፏጨት ሲጀምር ከእንቅልፉ ይነሣል፤ በርሜሉን፣ ባልዲውን፣ ጀሪካኑን፣ የተገኘውን ድስት ሁሉ ይሞላል። ደህና ስሆን እኔም እንዲሁ ነኝ። ሕመሙ የጸናብኝ ጊዜ ደግሞ መንቃት አያስፈልገኝም፣ ቀድሞውኑ እንቅልፍ የለም። ፉጨቱን እሰማለሁ። የጎረቤቶቼን የእግር ኮቴ፣ የባልዲያቸውን ድምፅ እሰማለሁ። መነሣት እንዳለብኝ ካልተነሣሁ ምን እንደሚመጣ አሳምሬ አውቃለሁ። እግሬ ግን ከአልጋው አይወርድም። ሲነጋ ውሃው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ፈረቃ ድረስ ያለው ኑሮ ምን እንደሚመስል ከከተማ ዳር የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል፦ የልጅ ዩኒፎርም አይታጠብም፣ ሽንት ቤት ይሸታል፣ ለውሃ የማይታሰብ ገንዘብ ይወጣል። ይህን የሚያይ ሰው ስንፍና ይለዋል። እኔም ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ሰነፍ ስል አድራለሁ፤ ከሕመሙ ሁሉ የከፋው ይኸኛው ነው፣ ማንም ሳይሰድብሽ ራስሽን ስትሰድቢ ማደር።

የዳነ ሰው ጀሪካኑን ይረሳል። ከዓመታት በኋላ ሲናገር «ከባድ የጨለማ ጊዜ ነበር» ብሎ ያልፋል፤ ውሸት አይደለም፣ ግን አሁን አልጋ ላይ ያለችው ሴት በጨለማ ወሬ ውስጥ ራሷን አታገኝም። እሷ ታምሜአለሁ ብላ አታስብም፤ ባለሙያ ያልሆንኩ፣ የማልረባ ሴት ነኝ ብላ ነው የምታስበው። ባዶ ጀሪካን የሕመም ምልክት ሊሆን እንደሚችል የሚነግራት፣ ጀሪካኑ አሁንም አልፎ አልፎ ባዶውን የሚያድርበት ሰው ነው። ለዚህ ነው ሳይለፍልኝ የምጽፈው።

ሰውነትም የራሱን ይናገራል። እኔ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ የሄድኩት አዘንኩ ብዬ አልነበረም፤ ራሴን ያቃጥለኛል፣ ጨጓራዬን ያመኛል፣ ይደክመኛል ብዬ ነው። ለምርመራ ደም ሰጠሁ፣ ታይፎይድ አለብሽ ተባልኩ። ቀጥሎ የጨጓራ መድኃኒት፣ ቀጥሎ ቫይታሚን። ጥፋቱ የአንድ ጤና ባለሙያ ነው ለማለት አይደለም። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ድባቴ ይዟቸው ጤና ጣቢያ ከሚመጡ ሰዎች አብዛኞቹ ሕመማቸው ሳይለይ ነው የሚመለሱት። ታካሚው የሚናገረው ስለ ራስ ምታቱ፣ ሐኪሙ የሚጽፈውም ስለ ራስ ምታቱ ነው። ጥያቄው ቢጠየቅ ኖሮ ረጅም አልነበረም። ላለፉት ሁለት ሳምንታት አብዛኛውን ቀን ስሜትሽ ወድቆ ነበር ወይ? ቀድሞ ደስ ይልሽ የነበረ ነገር ደስ ማለት አቁሟል ወይ? እንቅልፍሽስ፣ ምግብሽስ? በአገራችንም ተፈትሾ ሥራ ላይ የዋለ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ፤ ተራ በሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተሞልቶ ያልቃል።

ደጋግሜ የማስባቸው ሰዎች አሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ «የኤችአይቪ ቫይረስ በደሜ ውስጥ አለ» ብለው ሰው ፊት የቆሙት ኢትዮጵያውያን። መቅድምና ተስፋ ጎህን የመሳሰሉ ማኅበራትን አቋቁመው በየትምህርት ቤቱ፣ በየቀበሌው፣ በየዕድሩ ዞረው የተናገሩት። ያን ጊዜ መድኃኒቱን የሚያገኘው ገንዘብ ያለው ብቻ ነበር፤ በነጻ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። እነዚያ ሰዎች ድነው አልተናገሩም። እንደሚድኑም ማንም ቃል አልገባላቸውም። ከቤት ኪራይ ተባረዋል፣ ብርጭቆ ተለይቶባቸዋል፣ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ተነጥለዋል። ዛሬ የቫይረሱ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሥራ ገበታው ላይ መኖሩ የማያስደንቀን ሐኪሞች ስላስተማሩን ብቻ አይደለም፤ ሰውየውን በዓይናችን ስላየነው፣ ድምፁን ስለሰማነው ነው። ለአእምሮ ሕመም ያ ትውልድ ገና አልተነሣም። ተነሥቷል ብዬ ብናገር ደስ ባለኝ፤ የማያቸው ሙከራዎች ግን ጥቂትና ብቻቸውን የቆሙ ናቸው።

ከዚያው ዘመን ሌላም የምንማረው አለ። ጸበል የገቡ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እንዲተዉ ይነገራቸው በነበረበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በግልጽ ተናገሩ። ያ ቃል ስንት ሰው እንዳተረፈ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። እኔ ጸበል እጠመቃለሁ። እንጦጦ ማርያም ወጥቼ ሰንብቼ አውቃለሁ፣ ያገኘሁትን ሰላምም ማንም አይነጥቀኝም። ኪኒኔንም ይዤ ነው የወጣሁት። ከአጠገቤ የነበረች ልጅ ግን መድኃኒቷን ጥላ እንድትገባ ቤተሰቦቿ አስገድደዋት ነበር፤ መድኃኒት መውሰድ እምነት ማነስ ነው ተብላ። ይህ ነገር ያመኛል። አባቶች ለኤችአይቪ የተናገሩትን ቃል ለአእምሮ ሕመምም ጮክ ብለው ቢደግሙት ከብዙ ዘመቻ የበለጠ ሥራ ይሠራል፤ ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ሕዝባችን ከሐኪሙ በፊት የሚሄደው ወደነሱ ነውና።

ስለ ከተማ ዳር ልናገር፤ ሌላ ቦታ ብኖር ይህ ጽሑፍ ሌላ ይሆን ነበር። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ የገባን ሰዎች አብዛኞቻችን ከየትም የመጣን ነን። አንዱ ዕጣ ወጥቶለት፣ አንዱ ሰፈሩ ፈርሶበት፣ አንዱ ኪራይ ገፍቶት። ቤት አግኝተናል፣ ተመስገን። የተውነው ግን ሦስት ቤት አልፋ «ዛሬ ምነው አልታየሽም» የምትለውን ጎረቤት ነው። በድሮው ግቢ የአንዷ ቤት ጭስ ካልወጣ በቡና ሰዓት ይታወቅ ነበር። እዚህ በር ይዘጋል፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ሴት ለሳምንት ብትተኛ የሚያውቅ የለም። አዲሶቹ ዕድሮቻችንም ገና እየተላመዱ ናቸው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ሰሃኑ ተገዝቷል። ሰው ሲሞት እንዴት እንደምንቀመጥ እናውቃለን፤ ሦስት ቀን አብረን እናድራለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ሐዘንተኛው እንዲናገር አናስገድደውም፣ ብቻውን ግን አንተወውም። ለድባቴ የሚያስፈልገው እውቀት ከዚህ ብዙ አይለይም፣ በእጃችን ያለ እውቀት ነው። የጎደለው ጥሪው ነው፤ ለዚህ ሕመም ጡሩንባ የሚነፋ የለም። ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር እናት፣ ስሟን አልጠቅስም፣ ነገሩን ከነገርኳት ወዲህ ውሃ በመጣ ሌሊት በሬን ታንኳኳለች። ካልከፈትኩ በማግስቱ ሁለት ጀሪካን ደጄ ላይ አገኛለሁ። ባልነግራት ኖሮ ምን ብላ ትመጣ ነበር?

መናገር ዋጋ የለውም አልልም። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ትምህርት ቤት የሕመም ፈቃድ ወረቀቴ ላይ ያለው ማኅተም የአእምሮ ሕክምና ቦታ መሆኑ ሲታይ፣ ክፍል መግባት ቀርቶ ቤተ መጻሕፍት እንድቀመጥ ተደረግሁ። «ለተማሪዎቹ ብለን ነው» አሉኝ። ወላጅ እንዳይሰማም አስጠነቀቁኝ። ከተማሪዎቼ አንድም ቅሬታ ቀርቦ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ሁሉም ሰው በስሙ ይጻፍ፣ ሁሉም ይናገር አልልም። ዘንድሮ ኪራይ ላይ ያለች፣ የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች፣ ባሏ ልጆቿን እወስዳለሁ እያለ የሚያስፈራራት ሴት ዝም ብትል ማንም ሊፈርድባት አይገባም። ለአንድ እህት የተጻፈ ደብዳቤም መጻፍ ነው። ለአንድ የሥራ ባልደረባ፣ ለነፍስ አባት፣ ለታላቅ ወንድም የተነገረ ቃልም እንዲሁ። ሥራ ያለን፣ የምንበላው የማይቋረጥብን፣ ቢያንስ አንድ ሰው ከጎናችን የቆመልን ግን ቀድመን ብንወጣ መንገዱ ይሰፋል።

አንድ ነገር ሳልሸፋፍን ልጻፍ። ድባቴ ሞትን ያስመኛል። እኔንም አስመኝቶኝ ያውቃል። ቤተሰብ ይህን ቃል መስማት ስለሚፈራ አይጠይቅም፤ ከጠየቅነው ሐሳቡን እንሰጠዋለን ብለው ብዙዎች ያምናሉ። እንደዚያ አይደለም። በግልጽ «ራስሽን ልታጠፊ ታስቢያለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ብቻዋን ተሸክማው የኖረችው ሴት እፎይ ብላ እንድትናገር ያደርጋል። መልሷ አዎ ከሆነ ብቻዋን አትተዋት፤ መድኃኒትና መርዝ ከቤት ይነሣ፣ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ትሂድ። እንዲህ ሆኖ የሞተ ሰው ቤት ፍትሐት እንዳይቀር፣ ሰው እንዳያወራ ተብሎ የሞቱ ምክንያት ሲደበቅ ታዝቤአለሁ። ሐዘኑ ላይ ምስጢር ሲጨመርበት፣ ከዚያው ቤት ቀጥሎ የሚታመመው ልጅ ማንን ይጠይቃል?

ስለ ሕክምናው የማውቀውን ልንገራችሁ፤ እኔ ስጀምር ቢነገረኝ ኖሮ ብዬ የምቆጭበት ነው። ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን በአገራችን የሚገኙ የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው። በሁለት ቀን አይሠሩም፤ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፣ መጀመሪያ የሚታየው እንዲያውም የጎንዮሽ ጉዳቱ ነው። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። ሱስ ያስይዛል የሚባለው ልክ አይደለም፣ ግን በድንገት አይቆምም፤ ሐኪም እያየው ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ተሻለኝ ብሎ መተውም አደጋ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ለወራት መቀጠልን ይመክራል። ከመድኃኒት ሌላ ከሠለጠነ ሰው ጋር በቀጠሮ መነጋገርም ሕክምና ነው፤ ቀላል ለሆነ ድባቴ ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

ጥያቄው የት ይገኛል የሚለው ነው። ከቱሉ ዲምቱ መርካቶ አጠገብ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ድረስ ታክሲ እየቀያየሩ ደርሶ፣ ተራ ጠብቆ መመለስ አንድ የሥራ ቀን ይበላል፤ መነሣት ላቃተው ሰው ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። አማኑኤል ለአሠርት ዓመታት የአገሪቱን ሸክም ብቻውን የተሸከመ ቤት ነው። የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት በአገር ውስጥ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሠልጠን የጀመረውም ገና በ1995 ዓ.ም. ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂ የአእምሮ ሕክምና ወደየጤና ጣቢያው እንዲወርድ ወስኗል። በየሰፈራችን ውሳኔው የሚታየው ጤና ጣቢያው አንድ የአእምሮ ጤና ነርስ ካለው፣ ነርሷ በምትገባበት ቀን መድኃኒቱም ካለ፣ መድኃኒቱም በጤና መድን ደብተር የሚሰጥ ከሆነ ነው። ስለዚህ የጤና መድን መዋጮ ስንከፍል፣ የወረዳ ስብሰባ ላይ ስለ መንገድና ስለ ውሃ እጅ ስናወጣ፣ ይህንንም እንጠይቅ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ አላችሁ ወይ፣ በየትኛው ቀን ትገባለች፣ ፍሉኦክሰቲን ከመደርደሪያችሁ ያለቀው መቼ ነው? በመጪው ስብሰባ እኔ እጠይቃለሁ፤ ማን ነሽ ብለው ሲጠይቁኝም መድኃኒቱን ከሚወስዱት አንዷ ነኝ እላለሁ።