ካታንጋን ወደ ቦሌ አትወስዱትም

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ሆኜ አንድ የኤፍኤም ስፖርት ፕሮግራም እሰማ ነበር። እንግዳው ስለ ስታዲየሞቻችን ተጠየቀ። ካታንጋ የሚባለው መቀመጫ ያለበት አዲስ አበባ ስታዲየም ጊዜው አልፎበታል፣ የቦሌው አደይ አበባ ስታዲየም ሲያልቅ አሮጌው ፈርሶ መሬቱ ለሌላ ልማት ይዋል አለ። አዘጋጁም «እንግሊዞች እንኳን ዌምብሌይን አፍርሰው የለ!» ብሎ አጸናለት። ሾፌሩ ሬዲዮውን ቀነስ አድርጎ በመስታወት ወደ ኋላ አየን። ከመካከላችን ቃል የተነፈሰ አልነበረም፤ እኔም ዝም ብዬ ወረድኩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ያኔ ያልመለስኩትን አሁን እመልሳለሁ።

ከዌምብሌይ ልጀምር። አዎ፣ አሮጌው ዌምብሌይ እ.ኤ.አ. በ2003 ፈርሷል። አዲሱን የት ሠሩት? እዚያው! በ2007 የተከፈተው 90 ሺህ ሰው የሚይዘው ስታዲየም የቆመው አሮጌው በነበረበት መሬት ላይ ነው። ኳሱን ነቅለው ሌላ ሰፈር አልጣሉትም። ሪያል ማድሪድም በ1947 የተከፈተውን በርናባውን በቅርቡ ጣሪያ አልብሶ አደሰው እንጂ ከመሀል ማድሪድ አላወጣውም። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን እንይ ከተባለም፣ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ1927 የከፈተውን ስታዲየም ባለበት እያሰፋ እያሰፋ ዛሬ ከ107 ሺህ ሰው በላይ ያስቀምጥበታል፤ አብዛኛው ተመልካች አሁንም ተጠጋግቶ የሚቀመጠው አግዳሚ ላይ ነው። «ያረጀ ነው፣ አፍርሱት» የሚል ሰው እዚያ ከተማ ውስጥ ቀና ብሎ መሄድ የሚችል አይመስለኝም። እንግዲህ አዘጋጁ በምሳሌነት የጠራው ስታዲየም ራሱ በእሱ ላይ ነው የሚመሰክረው።

የይፍረስ ባዮቹ ሁለተኛ ማስረጃ «ካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) አይቀበለውም» የሚል ነው። ካፍ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፦ ደህና ሣር፣ በቂ መልበሻ ክፍል፣ መብራት፣ ለእያንዳንዱ ተመልካች መቀመጫ። በዚህ በኩል የአዲስ አበባ ስታዲየም ጉድለት ነበረበት፤ መጸዳጃ ቤቱን ያየ ሰው አይከራከረኝም። ግን የባሕር ዳሩ ስታዲየምስ በ2014 ዓ.ም. በካፍ ታግዶ የለም እንዴ? ይፍረስና መሬቱ ለሌላ ይዋል ያለ ሰው ሰምታችኋል? ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ «በሜዳችን» ተብሎ የተጻፈው ያ ጨዋታ አገር ውስጥ የተፈቀደ ሜዳ ስላልነበረ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። ግብፅን አሸንፈን አደባባይ ሳንወጣ በየቤታችን በቴሌቪዥን አይተን ተኛን። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ዳሬሰላም፣ ኤል ጃዲዳ፣ ካዛብላንካ የእኛ «ሜዳ» ሲባሉ ኖሩ። ለዚህ ውርደት የዳረገን የስታዲየሙ እርጅና ሳይሆን ለዓመታት ዞር ብሎ ያየው ሰው መጥፋቱ ነው። ያልጠገኑትን ቤት «አረጀ» ማለት ነውር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ እነዚህ ሰዎች የሚሸሹት ነገር ወዳለበት። ስታዲየሙ ያለው ሰው በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ነው፤ ለገሃር ደጁ ላይ ነው፤ ቀላል ባቡሩ «ስታዲየም» ብሎ የሰየመው ጣቢያ አለው፤ የሰሜን ደቡቡና የምሥራቅ ምዕራቡ መስመሮች በአንድ ሐዲድ የሚያልፉትም እዚያ ነው። ከመርካቶ በእግር ይመጣል። ከቄራ በእግር ይመጣል። ከጎተራ፣ ከሜክሲኮ፣ ከአራት ኪሎ በእግር ይመጣል። አንድ ጎረምሳ ኪሱ ውስጥ ያለው የመግቢያ ብር ብቻ ከሆነ፣ ጨዋታ አይቶ በእግሩ ቤቱ የሚገባው ስታዲየሙ እዚያ ስላለ ነው። ቦሌ ውሰዱትና ያንኑ ልጅ የታክሲ አምጡ በሉት። የመግቢያውን ለታክሲ ከፍሎ በር ላይ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከነጭራሹ አይመጣም።

ይህ ነገር ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። ፒያሳ ፈረሰ። ካዛንቺስ ፈረሰ። በአንድ ግቢ ያደጉ፣ በአንድ ቡና ቤት ስለ ጊዮርጊስና ስለ ቡና ክለቦች ሲጨቃጨቁ የኖሩ ሰዎች ዛሬ አንዱ ከተማው ዳር፣ አንዱ ሌላው ዳር ናቸው። የት ይገናኙ? ከየአቅጣጫው የሚመጣው ታክሲም ባቡርም መሀል ከተማ ያደርሳቸዋል። የተበተነው ሰፈር በሳምንት አንድ ቀን ተመልሶ ሰፈር የሚሆነው እዚያ ሲሚንቶ ላይ ነው። ይኸው የመጨረሻው ቦታም ይሂድላችሁ? ስታዲየሙ ከመሀል ከተማ የወጣ ዕለት የአዲስ አበባ የክለብ ኳስ ይሞታል። ያለ ጥርጥር ይሞታል! ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከከተማ ከተማ በዞረባቸው ዓመታት ስንቱ የሸገር ልጅ ደርቢ የሚባለውን የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ በዓይኑ ሳያይ እንዳደገ ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ደግሞስ የመቀመጫ ቦታዎቹን ስሞች የት ልትወስዷቸው ነው? ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ፣ ጥላ ፎቅ። እነዚህን ስሞች ያወጣ ኮሚቴ የለም፤ ሕዝብ ነው ያወጣቸው። «የት ነው የምትቀመጠው?» ሲባል የሚሰጠው መልስ የሰውየውን ኪስም፣ ጠባይም፣ ክለብም ይናገር ነበር።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ካታንጋ ነበርኩ። ሱዳን ካርቱም ላይ 5 ለ 3 አሸንፋናለች፤ ለአፍሪካ ዋንጫ ማለፍ የምንችለው በመልሱ ጨዋታ 2 ለ 0 ብናሸንፍ ነው። ሳይነጋ ከተክለሃይማኖት በእግሬ መጥቼ ተሰለፍኩ። ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነበር፤ ያነበብኩትን ጋዜጣ አንጥፌ ግማሹን አጠገቤ ላሉ ኮፍያ ላደረጉ አዛውንት አካፈልኳቸው። አዳነ ግርማ ሲያገባ ሁላችንም ዘለልን። ሳላዲን ሰዒድ ሲደግም ግን አዛውንቱ አልተነሡም፤ ጋዜጣውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያለቅሱ ነበር። «አባባ፣ ምነው?» ስላቸው «በ54ም እዚሁ ነበርኩ» አሉኝ። ከዚያ በላይ ሊናገሩ አልቻሉም። በጥር 1954 ዓ.ም. አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ የአፍሪካ ዋንጫን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው በዚያው ሜዳ ነው፤ ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠነው ቡድን ሁለት ጊዜ ተመርቶ፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሆኖ፣ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 የረታው፣ መንግሥቱ ወርቁ የመጨረሻዋን ያገባው እዚያ ነው። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ባለፍንበት በዚያ ምሽት ከካታንጋ ወርደን በቀጥታ መስቀል አደባባይ ገባን። ታክሲ የጠየቀ አልነበረም።

አደይ አበባ ተሠርቶ ይለቅ፤ 62 ሺህ ሰው ይያዝ፤ ለእ.ኤ.አ. 2029 የአፍሪካ ዋንጫ አስተናጋጅነት የጠየቀች አገር ትልቅ ስታዲየም ያስፈልጋታል። ዋልያዎቹ እዚያ ይጫወቱ። መሀል ከተማ ያለው ግን የክለቦቹ ነው። ካታንጋ ላይ ፎቅ ይጨመር፣ ዙሪያው ጣሪያ ይልበስ፣ ቦታው የፈቀደውን ያህል ይስፋ። በትሪቡኑ ሥር ያሉት ሱቆች ኪራይ ለሣሩና ለመጸዳጃ ቤቱ ይዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡናም ዝምታቸው ይብቃ፤ በየሳምንቱ ማልያቸውን ለብሶ የሚከተላቸው ደጋፊ የት ሊቀመጥ እንደሆነ ቦርዶቻቸው ወጥተው ይናገሩ። የመሬቱ ዕጣ በእጁ ያለ ባለሥልጣንም «አይፈርስም» የሚለውን አንድ ቃል በአደባባይ ይበለን።