የሌሊት ወፏን ከመናፈሻው አባርራችሁ ወዴት ልትሰዷት ነው?

ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ዳር በሚገኝ አንድ የደን መናፈሻ ጉዳይ ላይ የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። የአካባቢው ወጣቶች በዛፎቹ ላይ የሌሊት ወፍ ቤቶች፣ ማለትም የሌሊት ወፎች የሚያድሩባቸው የጣውላ ሳጥኖች፣ ለመስቀል ፈቃድ ጠየቁ። ጣውላውንም ጉልበቱንም ራሳቸው እንደሚችሉ ተናገሩ። ከመድረኩ የተሰጣቸው መልስ የጂንካው ማርበርግ ሳይረሳ ለበሽታ አስተላላፊ ቤት አይሠራም የሚል ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ጥያቄውም በዚያው ተዘጋ።

ከመልሱ ይልቅ ያንገበገበኝ ጭብጨባው ነው።

ማርበርግ ኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ መከሰቱ ሲረጋገጥ ሁላችንም ደንግጠናል፤ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል። በዚያ ሐዘን ስም አላዋቂነትን መሸፈን ግን ነውር ነው። የማርበርግ ቫይረስ ዋና ተሸካሚ መሆኗ የታወቀው ፍራፍሬ በሏ የግብፅ የሌሊት ወፍ ናት። የምትኖረው በዋሻና በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ በሺዎች ተጠጋግታ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ውስጥ ኪታካ በተባለው ስፍራ በበሽታው የተያዙት ሠራተኞችም በእንደዚህ ዓይነት የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሲሠሩ የነበሩ ናቸው። ይህች ወፍ ክንፏን ስትዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ወጣቶቹ ሊሰቅሉት ያሰቡት ሳጥን ደግሞ የውስጥ ክፍተቱ 2 ሴንቲ ሜትር ነው! በዚያ ስንጥቅ ሾልከው የሚገቡት ገላቸው አውራ ጣት የሚያህል ነፍሳት በል የሌሊት ወፎች ናቸው። በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች አሉ። በአንዷ ጥፋት ሁሉንም የሚቀጣ ሰው ስለ ጤና ጥበቃ ሊያስተምረን አይችልም።

የሌሊት ወፍ በባዶ እጅ አይያዝ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ልታስተላልፍ ትችላለች። ይህን እቀበላለሁ። ከዚህ ያለፈ የምቀበለው የለም።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ይህች እንስሳ የት ትደር? እንጦጦን ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ከሩቅ ደን ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተብሎ የገባው ይህ ዛፍ ለአጣና ሲደርስ ይቆረጣል፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ተመልሶም ይቆረጣል። ለማርጀት ጊዜ አያገኝም። የሌሊት ወፍ ደግሞ የምትፈልገው ያረጀ ዛፍ ነው፤ ውስጡ የተቦረቦረ ግንድ፣ የተሰነጠቀ ቅርፊት። እንደዚያ ያለ ጽድ፣ ወይራ ወይም ዝግባ ለማየት ዛሬ ወይ መናገሻ ሱባ ድረስ መሄድ፣ ወይ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ መግባት ያስፈልጋል። ደኑን ቆርጠን አጣና ተክለናል፤ አጣናው ደግሞ ቀዳዳ የለውም።

ዛፉን ስታጣ ወደ ቤታችን መጣች። በሱሉልታም ሆነ በለገጣፎ የሣር ክዳኑና የጭቃ ግድግዳው ስንጥቅ ያስጠጋት ነበር። አሁን እሱም በብሎኬትና በመስታወት ተተክቷል። የቀረው አሮጌ ጣራ ሲታደስ በጭስ ትባረርና ቀዳዳው በሲሚንቶ ይደፈናል። አብዛኞቹ ዝርያዎች በዓመት አንድ ግልገል ብቻ ይወልዳሉ፤ መብረር ያልጀመረው ግልገል እዚያው ውስጥ ተዘግቶበት ይሞታል። በዚህ ላይ የየመናፈሻውን ዛፍ ሌሊቱን ሙሉ በመብራት እናጥለቀልቃለን፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ግን ብርሃን ይሸሻሉ። እንግዲህ ከዛፉም ከጣራውም ከጨለማውም የተሰደደች እንስሳ አየር ላይ አታድርም። ያጨበጨበው ሰው ኮርኒስ ውስጥ ገብታ ታድራለች። የሌሊት ወፍ የሚፈራ ሰው ካለ ሳጥኑን በመጀመሪያ መስቀል ያለበት እሱ ነው።

ከወፍም ከአይጥም ያልሆነች አታላይ እያልን በተረት ስንሰድባት ኖረናል። ሥራዋን ግን ማን አየላት? ነፍሳት በል ከሆኑት ዝርያዎች ማደሪያ ሥር የወደቀውን ኩስ በእንጨት ብትፈረፍሩት የሚያብለጨልጭ የነፍሳት ክንፍና ቅርፊት ታያላችሁ። ሌሊቱን የለቀመችው የእሳት ራትና ጥንዚዛ ነው፤ የእሳት ራቷ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጎመናችን ትል እናት ናት። አሜሪካ ውስጥ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ግምት የሌሊት ወፎች ለእርሻ የሚያተርፉትን በዓመት ቢያንስ 3.7 ቢሊዮን ዶላር አድርሶታል። የእኛ አትክልት አልሚ ግን ይህንኑ ሥራ ለማሠራት የፀረ ተባይ መርዝ በጀርባው ተሸክሞ ይውላል።

የበጀት ጥያቄም ተነሥቷል አሉ። ምን በጀት? ያልተላገ ሻካራ ጣውላ፣ ጥፍሯ እንዲቆነጥጥ ውስጡ በመጋዝ የተጫረ፣ ቀለም ያልነካው፣ ከታች ክፍት የሆነ፣ ከመሬት 4 ወይም 5 ሜትር ከፍ ብሎ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው ሳጥን ነው። የትኛውም አናጺ ከቁራጭ ጣውላ ይሠራዋል።

የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ በ1991 እ.ኤ.አ. ያሠራው ትልቅ የሌሊት ወፍ ቤት ለዓመታት ባዶውን ቆሞ ነበር፤ ዛሬ በእሱ ምትክና በአጠገቡ በተሠሩት ቤቶች ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ያድራሉ። ስለዚህ ፈቃዱን ለወጣቶቹ ስጡ፤ ሳጥኑ በዓመቱ ባዶ ሆኖ ቢገኝም ለማውረድ መሰላል ይዛችሁ እንዳትመጡ።