መጀመሪያ መልሱን መጠርጠር እንልመድ

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ መምህራን ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ቶሎ ይልመዱ ይላል። ልክ ነው። ዩኔስኮም እንደ አውሮፓውያኑ በ2024 ለመምህራን 15 ብቃቶች ያሉት ማዕቀፍ አውጥቷል። ግን እስቲ ወደ ጎጃም እንምጣ። እኔ ደምበጫ አካባቢ አስተምራለሁ። የትምህርት ዕቅድ የማዘጋጀው በስልኬ ነው። በቀደም አንዱን ቻትቦት (ሲጽፉለት የሚመልስ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም) ስለ ጤፍ አዘራር የፈተና ጥያቄ በአማርኛ አውጣልኝ አልኩት። ዘሩ እንደ ድንች በጉድጓድ ይቀበራል ብሎ አረፈው! የገበሬ ልጅ ፊት ይዤው ብገባ ጉዴ ነበር። አማርኛው ደግሞ ጥርት ያለ ነው፤ የሚያሳስተውም እሱ ነው። ስለዚህ ለመምህራን የሚሰጠው ሥልጠና በፓወርፖይንት ብቻ አይለፍ። የመማሪያ መጽሐፋችንን ይዘን፣ መልሱን ከገጹ ጋር እያመሳከርን እንለማመድ። ያውም ኔትወርክ ካለ ነው።