ከሻንጣው በፊት

የእህቴ ልጅ ከስምንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አገር ቤት ሊሄድ ነው። ባለፈው እሁድ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤቱ ጎራ ብዬ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ተከፍቶ አገኘሁ። ጉዞው ገና ሁለት ወር ይቀረዋል፤ ሻንጣዎቹ ግን ሞልተዋል። ጫማ፣ ሽቶ፣ ቫይታሚን፣ ለእናቱ የስኳር መለኪያ፣ ሦስት ስልክ። የእጅ ሚዛኑን አውጥቶ አንዱን ሻንጣ አንጠልጥሎ 23 ኪሎ እንዳያልፍ ይመለከታል።

«ደሴ ስንት ቀን ልትቀመጥ ነው?» አልኩት።

«እሱን ገና አላሰብኩበትም፣ ጋሼ» አለኝ።

መልሱ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ከዚሁ ልጅ አፍ በ2010 ዓ.ም ተመሳሳይ መልስ ሰምቼ ነበር። ያኔ መንገዱ ወደዚህ ነበር።

ዲቪ ደርሶት ስፖንሰሩ እኔ ነበርኩ። ዲቪ ደረሰ ማለት ቪዛ ተገኘ ማለት እንዳልሆነ ብዙዎቻችን የምንረዳው ከገባንበት በኋላ ነው። የሚመረጠው ሰው ከቪዛው ቁጥር ይበልጣል። ኢንተርቪው አለ፣ የጤና ምርመራ አለ፣ የፖሊስ ወረቀት አለ። የአሜሪካኖቹ የበጀት ዓመት መስከረም 20 ላይ ይዘጋል፤ እስከዚያ ቪዛው ካልተመታ ዕድሉ አለፈ። ለዲቪው ክፍያ ብቻ 330 ዶላር ይጠየቅ ነበር። አንድ ዶላር 27 ብር ገደማ ስለነበር ወደ ዘጠኝ ሺህ ብር መሆኑ ነው። ትኬቱ፣ ምርመራው፣ ምልልሱ ሌላ።

ቪዛው ሲመታ የእህቴ ቤት ሠርግ ቤት መሰለ። በርበሬ ተቀነጠሰ፣ ሽሮ ተፈጨ፣ በሶ ተዘጋጀ፣ ቋንጣ ተሰቀለ። ልጁ አዲስ አበባ የነበረውን ሥራ ከጉዞው ሁለት ወር በፊት ለቀቀ። አልጋውንና ፍሪጁን ሸጠ። የሽኝቱ ቀን ማን ይጠራ፣ ማን ይቀር የሚለው ብቻ ሳምንት ፈጀ። ስደውል አንድ ነገር እጠይቀው ነበር፦ «ትራንስክሪፕትህን በታሸገ ፖስታ አወጣህ? ለአንድ ሰው ውክልና ሰጠህ?»

«እሱን እዚያ ስመጣ አስብበታለሁ፣ ጋሼ።»

የካቲት ላይ ደረሰ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ስስ ጃኬት ለብሶ። ቋንጣውን አየር ማረፊያው ላይ ወሰዱበት። ሥጋ ከእኛ አገር ይዞ መግባት አይፈቀድም። በርበሬውና ሽሮው ግን አለፈ። ከእኔ ቤት በመኪና አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ሦስት የሐበሻ ሱቅ አለ፤ በርበሬም ሽሮም ትኩስ እንጀራም ዓመቱን ሙሉ ይሸጣሉ። እህቴ ወገቧ እስኪቀነጠስ የለፋችበትን ልጇ እዚህ በማንኛውም ቀን ሊገዛው ይችል ነበር። የእጇን ጣዕም አላቃልልም፤ እኔም ከዚያ ሽሮ በልቻለሁ፣ ልዩ ነበር።

ሱቅ የማይሸጠው ወረቀቱን ነው። አካውንቲንግ የተማረ ልጅ ነው። እዚህ በትምህርቱ ለመሥራት ዲግሪው ተገምግሞ ከአሜሪካው ጋር መመዛዘን አለበት። የሚገመግሙት ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው፣ ወይም ዩኒቨርሲቲው ባሸገው ፖስታ እንዲመጣላቸው ይፈልጋሉ። ልጁ ውክልና ለማንም አልሰጠም። ከዚህ ውክልና ለመላክ ኤምባሲ መሄድ፣ ማረጋገጥ፣ በፖስታ መላክ፣ አዲስ አበባ ላይ እንደገና ማረጋገጥ መጣ። እህቴ ከደሴ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። አንዱ ቢሮ ወረቀቱን አጠፋሁት አለ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ልጁ ሁለት ዓመት የሌሊት ሺፍት ፓርኪንግ ላይ ሠራ። ሥራውን አልንቅም፤ እኔም ከዚያ ነው የተነሳሁት። የሚቆጨኝ ሁለቱ ዓመት ነው። አገር ቤት ሥራ ለቆ ከተቀመጠባቸው ሁለት ወሮች አንዱን ሳምንት ለዚህ ቢያውለው ኖሮ ያ ሁሉ ባልመጣ።

ስምም እንደዚሁ ነው። እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። እዚህ ፎርም ላይ ግን የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል። ባል በአያቱ ይጠራል፣ ሚስት በአያቷ፣ ልጅ ደግሞ በአባቱ አባት። በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት የቤተሰብ ስም። ልጇን ትምህርት ቤት ልታስመዘግብ የሄደች የማውቃት እናት «ልጁ ያንቺ ነው?» ተብላ ተጠይቃ እንባዋ መጥቷል። የልደትና የጋብቻ ወረቀት በቦርሳዋ ባይኖር ኖሮ ነገሩ ይረዝም ነበር። የልደት ቀንም አለ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው ከፈረንጆቹ አቆጣጠር የምንለያየው። አንዱ ወረቀት በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በተሳሳተ ስሌት ከተጻፈ አንድ ሰው ሁለት ዕድሜ ይኖረዋል። ይህን አገር ቤት ሆኖ ማስተካከል የቀናት ጉዳይ ነው። እዚህ ከመጡ በኋላ የወራት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ያልተዘጋጀንበት የብር ጉዳይ ነበር። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። ለዓመታት ፎቶ ልኬ ነበር፤ የቤት ኪራዩን የክፍያ ወረቀት ግን ልኬ አላውቅም። ልጁ በመጣ በሁለተኛው ወር ከደሴ ስልክ ተደወለ። የጎረቤት ልጅ ታሟል፣ የአጎቱ ጣሪያ ያፈሳል። እሱ ያኔ በእኔ ቤዝመንት ነው የሚያድረው። ቤት ልከራይ ቢል ክሬዲት፣ ማለትም የብድር አከፋፈል ታሪክ፣ የለህም ይሉታል። ግን እምቢ ማለት አልቻለም። ተበድሮ ላከ። ዕዳውን ለመክፈል ሌላ ሺፍት ጨመረ፣ እንግሊዝኛ የሚማርበትን ማታ ተወ። ሽኝቱ ላይ ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ሳለ በስልክ ገብቼ «ይህ ልጅ አንድ ዓመት ምንም አይልክም፣ እንዳትጠይቁት» ማለት ነበረብኝ። እኔ ብናገረው ይቀበሉኝ ነበር። ልጁ ራሱ ሊለው አይችልም።

አሁን ደግሞ የመመለሻው ዝግጅት ላይ ነን። ከዚህ ቀደም ሊሄድ ያሰበው ሁለት ጊዜ ነበር። መጀመሪያ ኮሮና መጣ። በ2014 ዓ.ም ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እናቱ ቤቱን ቆልፋ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣች። ስልክ ያልሠራባቸውን ቀናት ሁለታችንም አንረሳቸውም። ከዚያ ዜግነት እስካገኝ ልቆይ አለ። አገኘ። ይሄኔ እናቱ በስልክ «ታዲያ አሁን እዚህ ለመምጣት ቪዛ ያስፈልግሃል?» ብላ ጠየቀችው። መልስ አጣ። አገራችን ሁለት ዜግነት አትፈቅድም። እሱን መሰል ሰው የሚገባው በቢጫ ካርድ ነው፤ በ1994 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው መታወቂያ ነው። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ መሥራትም ይፈቅዳል፤ መምረጥ ግን አይቻልም። ወረቀቱን ሞልቶ ሲጨርስ ‹ዜግነት› የሚለው ላይ ረጅም ጊዜ ቆየ። ምንም አላልኩትም።

ሌላው የቀን ጉዳይ ነው። አገር ቤት ያሉት አሜሪካ የሚኖር ሰው እንደፈለገ የሚያርፍ ይመስላቸዋል። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ያስገድዳል። እዚህ ደግሞ አሠሪ ከነደመወዙ የዓመት ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። አሠሪው ከፈለገ ይሰጣል። የእህቴ ልጅ 21 ቀን ያገኘው ሁለት ዓመት አጠራቅሞ ነው። በስምንት ዓመት ሃያ አንድ ቀን።

ቤተ ዘመዱ እነዚህን ቀናት ቀድሞ ተከፋፍሏቸዋል። አዲስ አበባ አክስት አለች፣ አዳማ ክርስትና አለ፣ ጓደኞቹ ሐዋሳ እንሂድ ብለዋል። ሻንጣው የሞላውም ለዚህ ነው፤ በየቤቱ ባዶ እጅ አይገባም። ዶላር ጨመረ ተብሎ የሚጠበቀው ስጦታም ጨምሯል። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከመቶ ብር በላይ ሆነ፤ ጤፉም ዘይቱም አብሮ ወጣ። በዚህ መሐል እናትየው የምትደርሳት አራት ቀን ናት።

ስለዚህ ሻንጣውን ዝጋና ለእናትህ ደውል አልኩት። ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እማዬ፣ ምን ላምጣልሽ?»

«ምን ታመጣልኛለህ? ሁሉም አለ» አለች። ትንሽ ዝም ብላ ቀጠለች። «ሰኞ ሰኞ ገበያ እወጣለሁ። ጉልበቴን ያመኛል፣ ዳገቱን አልቻልኩትም። ሰኞ ከኖርክ ዘንቢሉን ትይዝልኛለህ።»

ልጁ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አውርዶ ጭኑ ላይ ዘረጋው። ሐዋሳን ሰረዘ። አዳማን አሳጠረ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ የሚያደርሰውን በረራ በሁለት ቀን አስቀደመው። ከዚያ በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

«ሦስት ሰኞ እኖራለሁ፣ እማዬ» አላት።